የት ልፈርምልዎ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ልጆቹ ተኝተው ነው። ዶሮው ገና አልጀመረም። ሲጀምር ታውቁታላችሁ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ነው። አሁን ነው ከኦንላይን የዶክትሬት ክላሴ የወጣሁት። እዚያ ምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን እኛ ሐዋሳ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ እነሱ በኖቬምበር ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ደግሞ 9 ሰዓት ይሆንብኛል። ይሄን ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ። ዛሬ መብራትም ነበር፣ ኔትዎርክም ነበር፣ ተመስገን። እኔ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ካሜራዬን ዘግቼ ሌላ ነገር ሳስብ ነበር።

ስለ ትምህርት ክፍያው አወራለሁ ብዬ ነበር ባለፈው። አልረሳሁትም። ባጭሩ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ወንድሜ እዚያ በዶላር ይከፍልልኛል፣ እኔ እዚህ የእማዬን ቤት ግንባታ በብር እየሸፈንኩ እመልስለታለሁ፣ ስለዚህ ዕዳዬ በአንድ ክረምት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በቃ። ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ዛሬ ስለ ቲቸር ነው።

የሐይቁ ቲቸር፣ አዎ። ዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ። አሁንም እዚያው፣ እኔ ምክትል ርዕሰ መምህር በሆንኩበት ትምህርት ቤት ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ቃለ መጠይቅ ካደረግኋቸው መምህራን አንዱ ናቸው። ርዕሱን ታስታውሳላችሁ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት። በ2014 ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። እነዚያ ቁጥሮች ከመጡ በኋላ መምህሩ በየቀኑ ጠመኔ ይዞ እንዲገባ የሚያደርገው ምንድን ነው፣ ከእኛ ከኃላፊዎቹስ ምን ይፈልጋል፣ ነው ጥያቄዬ። አሁንም የምር ማወቅ የምፈልገው ነገር ነው።

እሑድ ከሰዓት ቀረጻቸውን እየገለበጥኩ ነበር። ለአማካሪዬ በመጀመሪያ የላክሁላቸው በጥድፊያ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩትን ነው። አሁን አማርኛውን ቃል በቃል መጻፍ አለብኝ። ሥራው አድካሚ ነው፤ አምስት ሰከንድ መስማት፣ ማቆም፣ መጻፍ፣ መመለስ። እና 2 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ ስደርስ የራሴን ሳቅ ሰማሁ።

እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ተማሪ ወጥቷል። ስታፍ ውስጥ ልናደርገው ነበር፣ ግን ዳማ የሚጫወቱ ነበሩና ጫጫታ ሆነ። "ቢሮ እንሂድ" አልኳቸው። የእኔ ቢሮ። እኔ በወንበሬ፣ እሳቸው ወላጅ ተጠርቶ ሲመጣ በሚቀመጥበት ወንበር። ስልኬን የማኅተሙ ሣጥን ላይ አስደገፍኩት። የፈቃድ ቅጹን አነበብኩላቸው። ወደ አማርኛ የመለስኩት ራሴ ነኝ፣ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። "ተሳትፎዎ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ። ባለመሳተፍዎ በሥራዎ ላይ ምንም ጉዳት አይደርስም።"

ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ፈገግ ብለው፣ ድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚያዩኝ። "እና እምቢ ብልሽስ?" አሉኝ።

እኔ ሳቅሁ። "እርስዎማ እምቢ አይሉኝም!" አልኩ።

ከዚያ ዝምታ ነው። ቀረጻው ላይ አራት ሰከንድ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ከዚያ "እሺ" አሉ። "የት ልፈርምልዎ?"

ልዎ።

ልፈርምልሽ አላሉም። ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁበት ቀን ጀምሮ አንቺ ነው የሚሉኝ። ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኜ የተመደብኩ ዕለት ስታፉ ፊት ቆመው "ይቺ ልጄ ናት" ነው ያሉት። አንድም ቀን አንቱ ብለውኝ አያውቁም። ያን ቀን ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንቱ ነኝ። እና እኔ አልሰማሁም! ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ አልሰማሁም። የጥያቄ ወረቀቴን ነበር የማየው።

እሑድ ያን ቦታ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላውቅም። ባለቤቴ "ይህን ያህል አታካብጂው፣ ሰውዬው አክብረውሽ ይሆናል" አለኝ። ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ቢሮ ውስጥ ስለሆንን፣ ስለሚቀዳ፣ በወግ እናውራ ብለው ይሆናል። ግን እኮ ጥያቄውን ሲጠይቁኝ አንቺ ነበርኩ። መልሴን ከሰሙ በኋላ ነው የተቀየረው።

ስድስተኛው ጥያቄዬ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ "ከአመራሩ ጋር ያልተስማሙበትን ነገር በነጻነት ይናገራሉ?" የሚል ነው። "እርስዎ ጋማ ምን ችግር አለ፣ በሚገባ እናገራለሁ" አሉ። እኔ ኮድ ሳደርገው፣ ማለትም መልሱን በጭብጥ ስመድበው፣ ጎኑ ላይ "መተማመን" ብዬ ጻፍኩበት።

እንግሊዝኛው ላይ ይሄ ሁሉ የለም። አንቺም ዩ ነው፣ እርስዎም ዩ ነው። "የት ልፈርም" ብቻ ይላል። አማካሪዬ ጎኑ ላይ ጥሩ መቀራረብ ይታያል ብለው ጻፉልኝ። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ የተጻፈውን ነው ያነበቡት። ልዎን የጣልኳት እኔ ነኝ።

የምርምር ሥነ ምግባር ኮርስ ወስጃለሁ እኮ። ጥሩ ውጤት ነው ያመጣሁት። ቤልሞንት ሪፖርት የሚባል አለ፣ በፈረንጆቹ 1979 የወጣ። አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ በሚባል ቦታ፣ ጥቁር ወንዶችን ቂጥኝ እንዳለባቸው እያወቁ ከ1932 እስከ 1972 ሳያክሟቸው ሲያጠኗቸው የነበረው ጉድ ከተጋለጠ በኋላ የመጣ ነው። እዚያ ላይ ሰው በፈቃዱ ነው የተሳተፈው የሚባለው ማንም ሳያስገድደው፣ ተጽዕኖም ሳያደርግበት ሲቀር ነው ይላል። አለቃና ሠራተኛም እንደ ምሳሌ ተነስቶ ተወያይተንበታል። እኔም እጄን አውጥቼ ተናግሬአለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ብዙ። የቲቸር የሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ የምፈርመው እኔ መሆኔን ግን ያን ሐሙስ አላሰብኩትም። ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ከአለቃው ጋር ምን ያጋጨዋል? እኔም ብሆን እፈርማለሁ።

ቆይ፣ ውኃ ልጠጣ።

...እሺ። የሐይቁን ታሪክ የማታውቁ አዲሶች ካላችሁ፣ ቲቸር አንድ ቀን ክፍሉን በሙሉ በእግር ወደ አሞራ ገደል ይዘውን ሄዱ። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹ ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ እኛ ደብተር ይዘን ቆመናል። "ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ ግን አይታያችሁም። ሻላና አቢጃታም መውጫ የላቸውም፣ እነሱ ጨዋማ ናቸው። ይሄኛው ለምን ጨዋማ አልሆነም?" አሉን። ሳምንት ሰጡን። ሳምንቱ ሲያልቅ በመሬት ውስጥ እየሰረገ የሚወጣ ውኃ አለ ብለው አስረዱን። እኔ ተነስቼ "አይመስለኝም" አልኩ። 60 ተማሪ ፊት። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልተቆጡም። "ጥሩ፣ እምቢ በይ። ግን ምክንያትሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ምክንያት አልነበረኝም። ትክክል የነበሩት እሳቸው ናቸው። ግን ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ፊትሽ የበራው?" ያለችኝን አስታውሳለሁ።

እና እሳቸው እኔን "እምቢ ብልሽስ" ሲሉኝ...

አንዳንዴ ኦንላይን መማሬ ራሱ ነው ያመጣው እላለሁ። ይሄ ዶክትሬት፣ ኢዲዲው፣ ለሚሠራ ሰው ነው የተዘጋጀው፤ ከሥራሽ ውስጥ አንድ ችግር ይዘሽ ነይ፣ እዚያው ሆነሽ አጥኚው ይሉሻል። ሥራ ሳልለቅ፣ ልጆቼን ሳልተው፣ ከዚህ ከሳሎኔ መማር የቻልኩት በእሱ ነው። ወድጄዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ሥራ ለቅቄ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ግን ስመለስ አለቃቸው አልሆንም ነበር። እንደ ልጃቸው ነበር የምጠይቃቸው። ኦንላይኑ ከቦታዬ አላነሳኝም፣ ቦታዬ ደግሞ ያ ወንበር ነው። አላውቅም፣ ይሄ ምክንያት መፈለግ ይመስላል። ሳቁን የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ ኢንተርኔቱ አይደለም።

ግን ደግሞ፣ ቆይ፣ አንዳንዴ ያበሳጨኛል። እኛ ጋ ማን ነው ኃላፊ ፊት ተቀምጦ "አልፈርምም" የሚል? እኔ ራሴ ከበላይ በሚመጣ ወረቀት ላይ ስንቱን ሳላምንበት ፈርሜአለሁ። ስብሰባ ላይ "ሐሳብ ያለው?" ሲባል የማንናገረው ሐሳብ ጠፍቶ ነው እንዴ? ሻይ ቤት ስንደርስ አይደል የምንናገረው። ያን የፈቃድ ቅጽ ያዘጋጁት ሰዎች ሰው "አይ" ማለት እንደሚችል አስበው ነው። ቲቸርን የመሰለ ሰው እንኳን "አይ"ን በጥያቄ ነው ያመጣት፣ በፈገግታ ጠቅልሎ። እኔ ደግሞ...

እሺ። ምን ላድርግ ነው አሁን። ቃለ መጠይቁን ማውጣት እችላለሁ። ግን ከሁሉም ብዙ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ስለ 3.3 በመቶው ሲያወሩ ድምፃቸው የተሰበረበት ቦታ አለ፣ አንቱ እያሉኝም ቢሆን እዚያ ላይ የዋሹኝ አይመስለኝም። ለአማካሪዬ መጻፍ እችላለሁ። ጀምሬዋለሁ፣ ሁለት መስመር ጽፌ አቆምኩ፣ ምክንያቱም ልዎን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደማስረዳት ጠፋኝ። ወይም እሳቸው ጋ ሄጄ "ቲቸር፣ ከፈለጉ ይውጡ" ልላቸው እችላለሁ። ይሄን ስንት ቀን አሰብኩት መሰላችሁ። ግን ያኔም የምትጠይቃቸው ምክትሏ ናት። "እሺ፣ እንዳሉ" ቢሉኝስ? ያን ብሰማ ምን አደርጋለሁ?

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ላይ አየኋቸው። እጃቸውን አነሱልኝ። "እንዴት አደርሽ" ይበሉ "እንዴት አደሩ" አልሰማሁም፣ ተማሪው ይዘምር ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱን ሳስብ ዋልኩ።

ነገ ሁለተኛ ፔሬድ ክፍት ናቸው፣ ፕሮግራሙን አይቻለሁ። ስታፍ ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ በዚያ ሰዓት። ስልኬን ቢሮ ትቼ ልሄድ አስቤአለሁ። ከጎናቸው ልቀመጥ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን... ምናልባት ስለ ሐይቁ...

ይኸው ጀመረ። ሰማችሁት?