«አፉ ብያለሁ» ካለች በኋላ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ስለ ሐይቅ ጉዟችን አወራለሁ ብዬ ነበር። እሱ ይቆየን። የእማዬ ዑምራ፣ የመካው ጉዞዋ ነገር፣ እንቅልፍ ነስቶኛል።

አሜሪካ ያለችው እህቴ እትዬ ኮምቦልቻ ላለ የጉዞ ድርጅት ከፍላላት ነበር፤ መሰረዙን ታውቃላችሁ። «ግሩፑ አልሞላም» ነው የተባለው። ገንዘቡ ይመለሳል ተባለ፣ ጠበቅን። «ሆቴሉ ገና አልለቀቀውም።» «ጁምዓ ይለፍ።» «ሸሪኬን ላነጋግረው።» በመጨረሻ እትዬ ሰለቻትና አሜሪካ ላለው የክሬዲት ካርድ ባንኳ ዲስፒውት፣ ማለትም «ያላገኘሁት አገልግሎት ነው፣ ገንዘቤ ይመለስ» የሚል አቤቱታ፣ አስገባች። እስከዚህ ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ ከዚያ በኋላ የተደወለውን ስልክ ነው።

የጉዞ ድርጅቱ ሰውዬ ለእትዬ አልደወለም። ለእኔም አልደወለም። የደወለው ለእማዬ ነው።

ቡና ላይ ነበርን። ቶናው ተቀድቷል፣ ጎረቤቶችም አሉ። እማዬ ደግሞ ስልክ ስታወራ ታውቋታላችሁ፣ ላውድ አድርጋ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። «አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ» አለ። ድምፁ ትሁት ነው። የአባቱን ስም ጠራላት። አባቱን ታውቃቸዋለች፣ ሰኞ ገበያ ይነግዱ ነበር። ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ ስለ ጉልበቷም ጠየቃት። ከዚያ፣ «እናቴ፣ ከሰሳችሁኝ እኮ» አለ። «ባንኩ ገንዘቡን ከእኛ ላይ ወሰደው። አፉ በሉኝ። ክሱ ይነሳልኝና እኔ ወዲያው እልካለሁ።»

እማዬ ትንሽ ዝም አለች። ሲኒውን እንደያዘች ነው። «ልጄ፣ እኔ ማንንም አልከሰስኩም» አለች። ቀጥላ፣ «አፉ ብዬሃለሁ። አላህም አፉ ይበልህ» አለችው።

አለቀ። ማታውኑ እትዬ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፤ «እናትሽ አፉ ብለውናል፣ አንቺም ተይው።»

እኔ እዚያው ነበርኩ። ስልኩን መቀበል እችል ነበር? አላውቅም። የእናትን ስልክ ከእጇ መንጠቅ በእኛ ቤት አልተለመደም። ግን ያቺን ዝምታዋን እየመላለስኩ አያታለሁ። ምን እያሰበች ነበር?

እማዬ ለዑምራው ስትዘጋጅ ሰፈሩን ዞራ «አፉ በሉኝ» ብላለች። ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትኖረውን አክስቴን ሳይቀር፣ ያንን ጉዳይ ታስታውሳላችሁ፣ በሯ ድረስ ሄዳ ነው የታረቀቻት። ዕዳዋን ከፍላለች። አንድ ጎረቤት የረሳችውን የዱቄት ብድር እንኳን መልሳለች። ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይነሳም። ጉዞው ተሰረዘ እንጂ እሷ ልቧ ገና መንገድ ላይ ነው። እና ስልኩን እንደዘጋች የጠየቀችኝ፣ «የሰው ገንዘብ ነው እንዴ የወሰድነው?» ብላ ነው።

ወላሂ፣ ምን ብዬ እንደምመልስላት ጨነቀኝ።

ገንዘቡ የእትዬ ነው። ሌሊት እየሠራች፣ ሽማግሌዎች እያገላበጠች ያገኘችው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ። ስቴትመንቱ ላይ፣ ባንኩ በሚልከው የካርድ ሂሳብ መግለጫ ላይ፣ የተጻፈው ስም ደግሞ የሆቴሉ ስም አይደለም፣ የእነሱ ድርጅት ስም ነው። እትዬ የከፈለችው ለእነሱ ነው። ሆቴሉ ለቀቀ አለቀቀ የእነሱና የሆቴሉ ጉዳይ ነው።

ሕጉን እትዬ አስረድታኛለች፣ እኔም ገብቼ አነበብኩት። አሜሪካኖቹ በ1974 ያወጡት ነው። ያላገኘኸውን አገልግሎት ካስከፈሉህ፣ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ታመለክታለህ። ባንኩ ማመልከቻህ መድረሱን በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቅሃል። ውሳኔው ቢበዛ ከ90 ቀን አያልፍም። እስከዚያ የተከራከርክበትን ሂሳብ ክፈል ብሎ አያስገድድህም፣ ሌላውን ግን ትከፍላለህ። እዚህ እኛ ዶላር ሞልተን ከምንይዘው ካርድ ጋር አንድ አይደለም፤ እዚያ መጀመሪያ የሚወጣው የባንኩ ገንዘብ ነው።

አሁን ችግሩ 60 ቀኑ ነው። እትዬ ዲስፒውቱን ብታነሳና እሱ ባይልክ፣ ጊዜው ካለፈ እንደገና ላስገባ ብትል ማን ይሰማታል? «አንቺው ራስሽ ትቼዋለሁ ብለሻል» ይሏታል። ለዚህ ነው «እትዬ፣ እንዳታነሺው» ያልኳት።

ግን ሰውየውም... ማለቴ፣ ሙሉ በሙሉ ውሸታም ነው ማለት ከብዶኛል። ባንኩ ገንዘቡን ከእነሱ ላይ ከወሰደ በኋላ በራሳቸው መንገድ ሪፈንድ ቢልኩ፣ ሁለት ጊዜ ሊከፍሉ ይችላሉ። ያ እውነተኛ ስጋት ነው። ለእያንዳንዱ ዲስፒውትም ቅጣት የሚመስል ክፍያ ይጠየቃሉ። ዲስፒውት ሲበዛባቸው ካርድ መቀበሉንም ሊከለከሉ ይችላሉ። ይሄን ሳነብ ትንሽ አዘንኩለት።

ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ለምን ለእማዬ ደወለ? ካርዱ የእትዬ፣ ስሙ የእትዬ፣ ስልኳ እጁ ላይ አለ። ሪፈንዱን ስትጠይቀው አያነሳላትም ነበር። እማዬ እምቢ እንደማትል ያውቃል። የወሎ እናት «አፉ በይኝ» ተብላ እምቢ ስትል ማን ሰምቶ ያውቃል?

ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ግን መንገዱ ላይ ያለው ሐረጎ ተራራ ጉም ለብሶ ሚኒባሱ ይድሃል። ጃኬት ለብሼ ተነስቼ ታች ስደርስ ላቤ ይንቆረቆራል። ስለ ሐረጎ ጉም አንድ ቀን ለብቻው አወራላችኋለሁ፣ ልጅ ሆኜ አባቴ ጋር ስንወርድ... አይ፣ ወደ ጉዳዩ።

ቢሮው ክፍት ነው። አስቀመጠኝ፣ ለስላሳ አዘዘልኝ። የተዘጋጀሁበትን ነገር ጠየቅኩት። «ዲስፒውቱን ማንሳት ለምን አስፈለገ? ገንዘቡ የእኛ ነው ብላችሁ ካመናችሁ፣ ለባንካችሁ ልክ ናቸው በሉ። ካልተከራከራችሁ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ሁለቴ አትከፍሉም፣ እኛም አንፈራም።» በደንብ አዳመጠኝ። ሐቀኛ ሰው ወዲያው እሺ ይላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «ሸሪኬን ልጠይቀው» አለኝ። እንደገና ሸሪኬ። ሸሪኩ እስካሁን መልስ አልሰጠም።

ስመለስ ስለ አበጋሮቹ እያሰብኩ ነበር። ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች አሉን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ፊታቸው ይቀመጣል። ሁለቱም ይናገራል፣ ሁለቱም ይሰማል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ሰውየው ዓይንህን እያየ ነው የሚምለው። ባንኩ ጋ ማንም ማንንም አያይም። አንድ የማናውቀው ሰው የእትዬን ወረቀት ከእነሱ ወረቀት ጋር ያስተያያል። እማዬ ያለችውን ማንም አይጠይቃትም። ምናልባት ይሄ ይሻላል፤ ወረቀት ይሉኝታ አይዘውም። ወይም... እንጃ። በሽማግሌ ቢሆን እማዬ ያኔውኑ ትገላገል ነበር፣ እትዬ ግን ገንዘቧን ትተው ነበር ብዬ እፈራለሁ።

እትዬን ትናንት አዋራኋት። «እማዬ አፉ ያለችው የራሷን ነው፣ የእኔን ማን አፉ አለለት?» አለች። ልክ ናት። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «እማዬ ቅር ካላት አነሳዋለሁ፣ ንገረኝ» አለች። እኔ ነኝ እንግዲህ የምነግራት።

ለእማዬ፣ «የሰው ገንዘብ አልወሰድንም፣ ሐቁ የእትዬ ነው» ብዬ ነግሬያታለሁ። «አብሽር» አለችኝ፣ እኔን ልታጽናና። ያመነችኝ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ዑምራው አታነሳም። ገንዘቡ ቢመለስ እንኳን ለሌላ ግሩፕ ልመዝግብሽ ስላት «እስቲ» ነው የምትለው። «እስቲ» ስትል ደግሞ...

ሰኞ እንደገና እወርዳለሁ። አንከራከርም የሚል ወረቀት ፈርሞ እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ። ከሰጠኝ ለእማዬ አነብላታለሁ። ካልሰጠኝ፣ ያው እትዬ ባንኩን ትጠብቃለች። እማዬን ግን ምን እንደምላት... እሱን ገና አላሰብኩትም።