«ሽማግሌ ሄደ ወይ?»

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማነሣው ነገር ከሰው ጋር እየተቀባበሉ የሚያወሩት ሆኖ አልታየኝም።

ሰለሞን ተካ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2019 ምሽት፣ እዚህ እስራኤል፣ ሐይፋ አጠገብ ኪርያት ሐይም ውስጥ በጥይት ተመቶ ሞተ። የእኛ የኢትዮጵያውያን ልጅ ነው፤ ገና አፍላ ወጣት ነበር። የተኮሰው ከሥራ ሰዓት ውጪ ከቤተሰቡ ጋር መናፈሻ የወጣ ፖሊስ ነው። ልጆቹ ድንጋይ ወረወሩብኝ፣ ለሕይወቴ ሰጋሁ፣ ወደ መሬት ተኮስኩ አለ። አብረውት የነበሩት ልጆች ነገሩን እንደዚያ አልተናገሩም።

እናቴ ዕብራይስጥ አትሰማም፤ ዜናውን የምተረጉምላት እኔ ነኝ። የምርመራው ውጤት ሲነገር «ጥይቱ መጀመሪያ መሬት መትቶ፣ ነጥሮ ነው ልጁን ያገኘው ይላሉ» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ከሰውየው ወገን ሽማግሌ ሄደ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እናቴ ያደገችው ጎንደር ገጠር ነው። በእነርሱ አገር ደም ሲፈስ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ካሳው፣ እርቁ፣ ደም ማድረቁ ሁሉ የሚመጣው ገዳዩ «እኔ ነኝ» ካለ በኋላ ነው። ያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም አልልም። አቅም ያለው ወገን ደካማውን ያስጎነበሰበት፣ የሟች እናት ሳትጠየቅ እርቅ የወረደበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ሐዘንተኛው ገዳዩን ከፊቱ ያቆመዋል። እዚህ ግን ስለ ጥይቱ አቅጣጫ ስንት ቀን ተወራ! የፖሊሶችን ጥፋት የሚመረምረው ክፍል፣ እኛ ማኻሽ የምንለው፣ ጉዳዩን ያዘ። ፖሊሱ ለጥቂት ጊዜ በቤት እስር ቆይቶ ተለቀቀ። በኋላ የተከሰሰው በቸልተኝነት ሰው በመግደል ነው፤ ከዓመታት ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቱ በነጻ አሰናበተው።

ሰለሞን የሞተ ሰሞን በተቃውሞ መንገድ ስንዘጋ እኔም ነበርኩ። ጎማ ተቃጠለ፣ መኪና ተሰበረ፤ አልክድም። ግን ያ ቁጣ በአንድ ምሽት የመጣ አልነበረም። በ2014 ዮሴፍ ሳላምሳ ቢንያሚና ውስጥ በፖሊስ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተመታ፤ ከወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ፣ ወላጆቹም መልስ ፍለጋ ደጅ ሲጠኑ ኖሩ። በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ይሁዳ ቢያድጋ ባት ያም ላይ በፖሊስ ጥይት ወደቀ። በመካከሉ በ2016 የመንግሥት ኮሚቴ ራሱ በእኛ ላይ ዘረኝነት እንዳለ ጽፎ አስረክቧል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወላጅ «ታገሡ፣ ሕጉ ይሠራል» ሲባል በምን ልቡ ይታገሥ? እኔ ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ ሲወጣ መታወቂያህን ያዝ፣ ፖሊስ ካስቆመህ እጅህን ከኪስህ አውጣ እላለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ከእርሱ ጋር እኩያ ነው፤ እናቱ የምትለው ጃኬት ልበስ ብቻ ነው።

በነጻ መለቀቁ የተሰማ ቀን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ነገርኳት። ተቆጥታ ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ማንም አልሄደላቸውም?» አለች።

«አልሄደም መሰለኝ፣ እማ።»

ተነሥታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «እኔም እኮ ልቅሶ አልደረስኳቸውም» አለች። «ኪርያት ሐይም በባቡር ይደረሳል?»