ጓዳው ውስጥ ምሳ በላሁ

ብሩክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ምግብ ቤት ስለሆኑ የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ነው። ሀና፣ ከየት እንጀምር?

ሀና፦ ከጣውላ! ባለፈው ሳምንት አያቴ ቤት ምሳ በላሁ። ሒሳብ ከፍዬ!

ብሩክ፦ የተሸጠው ቤት?

ሀና፦ አዎ፣ ምግብ ቤት ሆኗል። ጓዳው ውስጥ አስቀመጡኝ። አስተናጋጇ ስትገባ ጣውላው ሲጢጥ አለ። ከበሩ ሦስተኛው። አያቴ አምሽቶ የገባውን ሁሉ በእሱ ድምፅ ነበር የሚያውቁት። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

ብሩክ፦ ኧረ! አልቀየሩትም?

ሀና፦ ወለሉን አልነኩትም። ግድግዳውን ግን በሲሚንቶ ለሰኑት። የባህር ዛፍ ማገር ነው፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ። ጭቃ ቤት መተንፈስ አለበት እኮ! ሲሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል። እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል።

ብሩክ፦ ቢሆንም ምግብ ቤት ባይሆን ፈርሶ ነበር።

ሀና፦ እሱስ ልክ ነህ። ግን ሲሚንቶው...

ብሩክ፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን። የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት አለ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ። የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው።

ሀና፦ ደስ ይላል እሱ። እዚያ ግን ምሳ አይበላም። አያቴ ቤት ዛሬም ሽንኩርት ይቁላላል። ጠረኑ እኮ ያው ነው!

ብሩክ፦ የአያትሽ ቤት በደርግ ጊዜ እንዴት ተረፈ?

ሀና፦ አዋጅ 47፣ ሐምሌ 1967። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ። አያቴ ግቢው ውስጥ የሚያከራዩአቸው ሁለት ክፍሎች ነበሩ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበር ወደ ቀበሌ ገቡ። ከዚያ በላይ ቢሆን ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ ወደ ኪራይ ቤቶች ነበር የሚሄዱት። ትልቁ ቤት ቀረላቸው።

ብሩክ፦ ተከራዮቹስ?

ሀና፦ ኪራይ ለቀበሌ ይከፍላሉ፣ ቡና አያቴ ጋ ይጠጣሉ። ያቺው ጓዳ ውስጥ! አያቴ አንድም ቀን አልተቀየሟቸውም።

ብሩክ፦ አየሽ፣ ያኔም የሰው ቤት ነበር። አሁንም ሰው ይበላበታል። እኔ አሁንም ምግብ ቤት መሆኑ ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

ሀና፦ ሲሚንቶውን ይላጡልኝ፣ እኔም እስማማለሁ። ባለቤቱን አናግሬዋለሁ። ከክረምት በኋላ አንዱን ግድግዳ እናያለን ብሎኛል።

ብሩክ፦ ታዲያ ቀጣዩን ዝግጅት ከዚያ እንቅዳ?

ሀና፦ እንቅዳ! አንተ ግን ዘግይተህ እንዳትገባ። ጣውላው ይናገርብሃል።