«ወራጅ አለ» በኒውዮርክ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ መኪና ማቆም ላወራችሁ ነው።

ኒውዮርክ መንዳት የጀመርኩ ሰሞን ነው። የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነበር። ሁለት ካርቶን እንጀራ የማደርሰው እኔ ነኝ። አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ፣ አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ፣ ካርቶኖቹን ተሸክሜ ገባሁ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ የዝናብ መጥረጊያው ሥር ብርቱካናማ ፖስታ ተሰክቷል። የ115 ዶላር ቅጣት!

ምልክቱን አንብቤዋለሁ እኮ። «ኖ ስታንዲንግ» ይላል። በልቤ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ መቆም ክልክል ነው። ረጅም ሰዓት ማቆም መሰለኝ። ኒውዮርክ ግን ሦስት ዓይነት ምልክት አላት፤ ኖ ፓርኪንግ፣ ኖ ስታንዲንግ፣ ኖ ስቶፒንግ። እኛ ለሦስቱም የምንለው ያው መቆም ነው።

በኋላ በታክሲ ቋንቋ ሳስበው ገባኝ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ወራጅ አለ!» ማለትን ያውቃል። ኖ ስታንዲንግ ላይ ወራጅ ካለ ይቆማል። ተሳፋሪም ካለ እንደዚያው። በሩ እንደተዘጋ መንቀሳቀስ ነው። ዕቃ ግን አይወርድም። ኖ ፓርኪንግ ይሻላል፤ ቶሎ እስከሆነ ድረስ ሰውም ዕቃም ይወርዳል። ኖ ስቶፒንግ ላይ ደግሞ ወራጁ ቢጮህም አይቆምም፣ መብራት ካልያዛችሁ ወይም ፖሊስ ካላስቆማችሁ በቀር።

አያችሁ፣ በእንጀራው ፈንታ እናቴን ባወርድ ኖሮ ጥፋት አልነበረብኝም። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል ነው እላለሁ። ሰው ለመውረድ ሰከንዶች ይበቁታል። ካርቶን ግን ሹፌሩን ይዞት ይገባል። መኪናዬ ባዶዋን ስትቆም ከኋላዋ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ነበር።

የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃውንም አትርሱት። በግራም በቀኝም 15 ጫማ፣ አራት ሜትር ተኩል ያህል መራቅ አለባችሁ። አብዛኛው ቦታ ቀለም አልተቀባም፤ እኔ በእርምጃ ነው የምለካው።

እባካችሁ፣ እዚህ የቆያችሁ ሰዎች ይሄንን ለአዲስ መጪ ንገሩ። ዴሊቨሪ ለሚሠራ ልጅ 115 ዶላር የቀን ሙሉ ድካሙ ነው።

አንድ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ እዚህ ከተማ መንገድ ጠራጊው እንዲያልፍ መኪና በተወሰነ ቀንና ሰዓት ከአንዱ ጎን ይነሳል። ይህ ደንብ በበዓላት ይታለፋል። ከተማው በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ዒድ አለ። የኦርቶዶክስ ጸሎተ ሐሙስና ስቅለትም አሉ፣ ለብቻቸው ተጽፈው። የማቆሚያ ክፍያ ማሽን (ሜትር) ያለበት ቦታ ግን ያን ቀንም ይከፈላል፣ እንዳትሳሳቱ።

ባለፈው ስቅለት መኪናዬን ሰፈሬ እንዳለች ትቼ በባቡር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስንሰግድ ዋልን። ማታ ስመለስ እዚያው ቆማለች፣ መስታወቷ ላይ ምንም የለም።