ቴስታታ ጓርኒሲዮን ከመቀመጡ በፊት

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው ከአባቴ በወረስኩት ፔጆ 404 ላይ ቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታ) እና ከሥሩ ባለው ዋና አካል (ብሎክ) መካከል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ስቀይር ያሰላሰልኩትን ነው። ሥራውን የሠራሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ በግቢያችን ውስጥ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው አዲሱን ጓርኒሲዮን ማስቀመጥ ሳይሆን የሚቀመጥበትን ገጽ ማዘጋጀት ነበር፤ የሥራው ልብም እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጓርኒሲዮን ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ነው። የዚህ መኪና ብሎክ ከብረት፣ ቴስታታው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ሙቀቱ ሲበዛ ቴስታታው ይጣመምና መካከል ላይ ያለው ጓርኒሲዮን ጋዙን፣ ውሃውንና ዘይቱን ለያይቶ መያዝ ያቅተዋል። በጣና ዳርቻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ክፍት ውሃ በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ያቃተው ያረጀ የራዲያተር ክዳን በባሕር ጠለል ካለችው ከጅቡቲ ይልቅ እዚህ ሞተሩን ፈጥኖ ይጎዳል፤ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጀን ለሚወጣ መኪና ደግሞ ይብሳል። ክዳኑንና ቴርሞስታቱን (የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) ሳይመረምሩ ጓርኒሲዮን ብቻ የሚቀይሩ ጋራዦች ደንበኛቸውን ለተመሳሳይ ወጪ ይዳርጉታል።

ይህ ሞተር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፒስተኖቹ የሚመላለሱት ውሃ በዙሪያቸው በሚዘዋወርባቸው ተነቃይ ቱቦዎች፣ ማለትም ላይነሮች፣ ውስጥ ነው። ተጣብቆ የቆየውን ቴስታታ በቀጥታ ወደ ላይ መሳብ ላይነሮቹን አንሥቶ ከሥራቸው ያለውን የውሃ ማሸጊያ ሊያላቅቅ ስለሚችል፣ ውሃው ከተደፋ በኋላ ወደ ጎን ቀስ ብሎ እየወዘወዙ ማላቀቅ ይገባል። ላይነሮቹ በቦታቸው ተጠፍረው እስኪያዙም ድረስ ክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዘንግ) ማዞር አይፈቀድም። ጫፋቸው ከብሎኩ ገጽ በጥቂቱ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት፤ ጓርኒሲዮኑን ጨምቃ የምትይዘው ያቺ ከፍታ ናትና።

የአሉሚኒየሙን ገጽ የፋቅሁት በስለት ሳይሆን በእንጨት ነው፤ ትንሽ ጭረት እንኳ ለጋዝ መንገድ ትሆናለች። ከዚያም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድሜ በማስመሪያውና በገጹ መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁ። ክፍተቱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ካለፈ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጥ አለበት። የብሎን ቀዳዳዎቹንም በንፋስ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ከሥር የቀረ ውሃ ወይም ዘይት ብሎኑ ሳይጠብቅ የጠበቀ ያስመስለዋል፣ አልፎ ተርፎም ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ብሎኖቹ ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳር፣ በየደረጃው ይጠብቃሉ፤ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የጠበቀ ብሎን ጓርኒሲዮኑን በአንድ በኩል አጭቆ በሌላው በኩል ያሳብጠዋል። ሞተሩ ሞቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ እያንዳንዱን በተራ ጥቂት አላልቶ እንደገና ማጥበቅ ለእንዲህ ዓይነቱ የድሮ ሥሪት ጓርኒሲዮን ግዴታ ነው። የቫልቭ ክፍተቱም በመጨረሻ የሚስተካከለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቴስታታው ሲጠብቅ ክፍተቱም አብሮ ይለወጣልና።