ጋዙ ሲለወጥ

ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፣ መምህራንና አሰሪዎች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ!

ስለ ቴክኒክ ትምህርትና ስለሚለዋወጠው የዓለም ኢኮኖሚ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ዕድሜዬን የገፋሁት ማቀዝቀዣ ስጠግን ነውና ወደ ፍሪጅ ጀርባ ይዣችሁ ልሂድ።

ድሮ በፍሪጅ ቱቦ ውስጥ የሚዞረው ጋዝ አር 12 ይባል ነበር። ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለውን የኦዞን ሽፋን እንደሚጎዳ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1987 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተፈራረሙና ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። በቦታው አር 134ኤ የሚባል ጋዝ ገባ። እሱ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን ግን ክፉኛ ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኪጋሊ ላይ እሱንና መሰሎቹን ለመቀነስ ስምምነት ተደረሰ። ዛሬ በብዙ የቤት ፍሪጆች ውስጥ የምታገኙት አር 600ኤ ነው፤ ኢሶቡቴን የሚባለው፣ እሳት ሲያገኝ የሚቀጣጠል ጋዝ።

እስቲ አስቡት። ባለሙያው ከወርክሾፑ ንቅንቅ አላለም። ሩቅ አገር የተፈረመ ወረቀት ግን መሣሪያ ሳጥኑ ድረስ ገባ። የዓለም ኢኮኖሚ ተለወጠ ሲባል ለእኔ ትርጉሙ ይኼ ነው።

እጁ የተመሰከረለት አንድ ባልደረባ ነበረኝ። አዲሱ ጋዝ ያለበት ፍሪጅ መጣለት፤ «አያቀዘቅዝም» ተብሎ። የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ ሰካ። መርፌው ከዜሮ በታች ወረደ። «ጋዝ አንሶታል» አለና ጨመረ። ባሰበት። ደግሞ ጨመረ። ለካ ጋዙ አላነሰም ነበር! ኢሶቡቴን የሚተነው በዝቅተኛ ግፊት ነው። ፍሪጁ እየሠራ፣ ጋዙ ወደሚያምቀው ሞተር፣ ወደ ኮምፕረሰሩ፣ በሚመለስበት በመምጠጫው በኩል መርፌው ከዜሮ በታች ቢወርድ ጤነኛ ነው። ያ ፍሪጅ ችግሩ የበሩ ጎማ ነበር። አየር ያስገባል፣ በቃ።

ባልደረባዬ ሰነፍ አልነበረም። የተማረው «መርፌው እዚህ ሲደርስ አቁም» የሚለውን ነበር። ምክንያቱን የነገረው አልነበረም። ፈሳሽ በየትኛው ግፊት፣ በስንት ዲግሪ እንደሚተን የገባው ሰው ግን አዲስ ጋዝ ሲመጣ የጋዙን የግፊትና የሙቀት ሠንጠረዥ አይቶ ሥራውን ይቀጥላል። የሚቀጣጠል መሆኑን ካወቀ ደግሞ ቱቦው ላይ እሳት ከማስጠጋቱ በፊት ጋዙን ያስወጣል፣ መስኮት ይከፍታል። ሚዛንም ይይዛል፤ ጋዙ የሚለካው በጥቂት አሥር ግራሞች ነውና በግምት አይሞላም።

መምህራን ሆይ፣ እባካችሁ፣ በትክክል ሠርቶ «ለምን?» ሲባል ዝም የሚለውን ሰልጣኝ እንዲሁ አታሳልፉት። ቲዎሪ ብቻ ይማር ማለቴ አይደለም። እጁ ሳይፈታ ምክንያቱም አይገባውም። ጀርመኖች ሰልጣኙን ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ድርጅት ውስጥ፣ ቀሪውን ትምህርት ቤት የሚያውሉት ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ነው።

ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ነገር። ቴክኒክ ውጤት ያልመጣለት ልጅ መጠጊያ አይደለም። በስዊዘርላንድ ከአስገዳጁ ትምህርት በኋላ ከሦስት ወጣቶች ሁለቱ ገደማ የሚገቡት ሙያ ሥልጠና ነው። ከዚያ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚወስደው በርም ክፍት ነው።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ ተመራቂዎች። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ሥራ ስትፈልጉ ግን ልባችሁን ማንም አያይላችሁም። ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ያለ አሰሪ እጃችሁን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ የዕቃውን ሞዴል፣ የታየውን ምልክት፣ የለካችሁትን፣ ያገኛችሁትን ምክንያት ጻፉ። ከመነካቱ በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ። የተሳሳታችሁበትንም ጻፉ፤ እኔ ብዙ የተማርኩት ከዚያኛው ገጽ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሞላ ደብተር ይዞ የሚመጣን ልጅ እኔ ከብዙ የምስክር ወረቀት አስበልጬ አየዋለሁ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስንም አትፍሩት፣ ጠይቁት። ብልሽቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ይዘረዝርላችኋል። ጌጁን የምትሰኩት፣ የኮምፕረሰሩን ድምፅ የምትሰሙት፣ የበሩን ጎማ በጣታችሁ የምትዳስሱት ግን እናንተ ናችሁ።

አሰሪዎች፣ እነዚህን ልጆች ስትቀጥሩ የመጀመሪያዎቹን ወራት ጥያቄ ከማይሰለቸው አንጋፋ ባለሙያ ጎን አቁሟቸው። «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ሥራ አስፈቱን አትበሉ።

አመሰግናለሁ።