ጎማው መሬቱን የሚለቅበት ቅጽበት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የምህንድስና ተማሪዎች፣

ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ጠዋት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኦማሃ ከተባለው የፈረንሳይ ኖርማንዲ ጠረፍ ራቅ ብሎ 29 የአሜሪካ ታንኮች ወደ ባሕር ወረዱ። ዙሪያቸውን ሸራ ተወጥሮላቸው እንዲንሳፈፉ፣ በፕሮፔለር እየተገፉ እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው። ሸራው የታሰበው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ለሚሆን ማዕበል ነበር። የዚያን ዕለት ማዕበል ግን እስከ 1.8 ሜትር ይደርስ ነበር። 27ቱ ሰመጡ። ውስጣቸው ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ባነሣሁ ቁጥር ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

በየብስም በውኃም የሚሄድ ተሽከርካሪ ሲሙሌሽን፣ ማለትም እንቅስቃሴውን በኮምፒውተር የሚያስመስል ሞዴል፣ እንሥራ ስንል፣ ብዙዎቻችን የመኪናና የጀልባ ሞዴል ማጣመር ይመስለናል። ትልቁ ፈተና ያለው ግን ዳርቻው ላይ ነው። ከሐይቅ ሊወጣ ያለ ተሽከርካሪ አስቡ። የፊት ጎማው አሸዋውን ነክቷል፤ ኋላው ገና ይንሳፈፋል። አርኪሜደስ እንዳስተማረን፣ ውኃው ተሽከርካሪውን ወደ ላይ የሚገፋው ባፈናቀለው ውኃ ክብደት ልክ ነው። ስለዚህ ጎማው ላይ የሚያርፈው ጭነት ጥቂት ብቻ ነው። ጭነት ከሌለው ጎማው መሬት አይዝም፣ ባዶውን ይሽከረከራል። አሸዋውም ውኃ ጠጥቶ ላልቷል። ፕሮፔለሩ ቀድሞ ከጠፋ ተሽከርካሪው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል፤ ሞገድ ከጎን ከመታው ደግሞ ያዘነብላል። እኔ ከጠቅላላው ስሌት አብልጬ የምፈራው እነዚያን ጥቂት ሰከንዶች ነው።

አንዱ መፍትሔ ውኃውን በብዙ ቅንጣቶች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ ማስላት ነው። ዘዴው መጀመሪያ የተፈጠረው ለከዋክብት ጥናት ነበር። ኮምፒውተሩን ያደክማል፣ ግን ውኃ ጎማ ሥር ሲገባና ሲረጭ ያሳያል። የዊስኮንሲን ማዲሰንና የፓርማ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የሚያበለጽጉት ክሮኖ የተባለ ሶፍትዌር ይህን መሥራት ይችላል፤ በነጻ ስለሚገኝ ዛሬውኑ አውርዱት።

ሐምሌ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ፣ ቴብል ሮክ ሐይቅ ላይ፣ ጎብኚዎችን የጫነ በየብስም በውኃም የሚሄድ ተሽከርካሪ በድንገተኛ ማዕበል ሰመጠ። ከ31 ሰዎች 17ቱ ሞቱ፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው። ቀደም ሲል አርካንሳስ ውስጥ 13 ሰው ከሞተበት ተመሳሳይ አደጋ በኋላ፣ መርማሪዎቹ ተሽከርካሪዎቹ ውኃ ቢገባባቸውም የሚንሳፈፉ እንዲሆኑ መክረው ነበር።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ሞዴላችሁን በረጋ ውኃ ላይ ብቻ አታስኪዱት። ማዕበሉን ከፍ አድርጉ፣ ሆዱን በውኃ ሙሉት፣ ሞተሩንም መሃል መንገድ ላይ አጥፉት። የመመረቂያ ሥራችሁን ስታቀርቡ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ፣ በስንት ሜትር ማዕበል እንደሰመጠ ነው።

አመሰግናለሁ።